ላሟ የላሰችው ግድግዳ

ማርቆስን! ከዚህ በኋላ ከአፌ የምትወጣው አንዲት ቃል እንኳ ሐሰት ብትሆን ይሄ የያዝኩት ጠላ ጉሮሮዬ ላይ ተገትሮ ይቅር። እኔ ምስጋናው ግንበኛው ብዙ ይወራብኛል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከቆመው ቤት ግማሹን የሠራሁት እኔ ነኝ ብሏል ይሉኛል፤ ስሜን ለማጥፋት ነው፤ ግማሹን ብዬ አላውቅም፣ ከግማሽ በላይ ነው ያልኩት። የዛሬውን ግን ማጋነን አላስፈለገኝም። እንዲያውም ሰው አምኖ እንዲሰማኝ ከላዩ ላይ ቀነስኩለት እንጂ አልጨመርኩበትም። ባለፈው ቅዳሜ በአክስቴ በእቴናት ቤት የሆነውን ነገር በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፤ ማየት ብቻ አይደለም፣ ያደረግኩትም እኔው ነኝ።

ይህን ሁሉ የምናገረው ለአንሙት ነው። አንሙት የአይሱዙ ሾፌር ነው፤ ሙሉ ሲሚንቶ ጭኖ ከደጀን ሲመጣ መኪናው እምቢ ብሎት፣ መካኒክ እስኪደርስለት እዚህ ወለተ ሰንበት ጠላ ቤት አረፍ ብሏል። ሲሚንቶ የጫነ ሰው ፊት የአፈርን ሙያ ማውራት፣ ጠላ ሻጭ ፊት ውሃ እንደ ማመስገን መሆኑን አላጣሁትም። ግን እውነት ሾፌር አይፈራም።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። አክስቴ እቴናት፣ የአባቴ ታናሽ እህት፣ ሰባ ዘልቀዋል፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቦራ ከሚሏት ግንባረ ነጭ ላማቸው ጋር ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። በሚያዝያ ማንም ያላሰበው ዝናብ መጥቶ የጓዳቸውን ግድግዳ ገንድሶ ጣለው። የቀረው ክፍት ላይ ሰማያዊ ሸራ ወጥረው፣ አልጋቸውን ወደ በሩ አስጠግተው፣ የእህል ጎታውን በጆንያ ሸፍነው ተቀመጡ። ነፋስ ሲመጣ ሸራው ይነፋል፤ ነፋሱ ሲሄድ ይሟሽሻል፤ ቤቱ የሚተነፍስ ነው የሚመስለው። ያን ዕለት እንደ አጋጣሚ በምሳ ሰዓት ነበር የደረስኩት፤ እንደ አጋጣሚ ሁልጊዜ በምሳ ሰዓት ነው የምደርሰው። አክስቴ ጆሯቸው ስለሚከብድ ስልኩን ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ ነው የሚያወሩበት፤ የደወለው አዲስ አበባ ያለው አንድያ ልጃቸው፣ ይስማው፣ ነበር። ሰላምታውን እንኳ በወጉ አልጨረሰም። «እማዬ፣ ክረምቱ ደርሷል። ሸራ ውስጥ ተኝተሽ ብርድ ሲጨርስሽ አላይም። ቅዳሜ እመጣለሁ። ግድግዳው ቆሞ ካላገኘሁት ቦታውን ለገዢ አስረክቤ ይዤሽ ነው የምመለስ። ላሟንም ከወዲሁ ሰው ፈልጊላት» አለ። ቦታውን የሚሸጥበትን ውክልና አምና ራሳቸው ፈርመው ልከውለታል፤ ስለዚህ ቀልድ አልነበረም። ይስማው የሚኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አክስቴ አንድ ጊዜ ሄደው አይተውት፣ ሲመለሱ «መሬት የሌለው አገር» ብለውኝ ነበር።

አክስቴ ሸራውን አዩት፤ ቀጥሎ ደጅ የታሰረችውን ቦራን አዩ፤ «እሺ» አሉና ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። እኔ ጉርሻዬ አፌ ውስጥ ቀረ፤ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ ደርሶብኝ አያውቅም። ስልኩን አነሳሁና፣ «ይስማው! ቅዳሜ ና፣ ግድግዳው ቆሞ ይቀበልሃል» አልኩት።

«በምን ልታቆመው ነው? ሲሚንቶ ስንት እንደ ገባ ታውቃለህ?»

«ሲሚንቶማ ድሮ ቀረ!» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

እዚህ ላይ አንሙት ጣሳውን አስቀመጠ። «ድሮ ከቀረ እኔ ውጭ የጫንኩት ምንድን ነው?» አለኝ። የጤፍ ዱቄት መስሎህ ይሆናል አልኩትና ቀጠልኩ።

ምስጢሩን ልንገራችሁ። ዩኒቨርሲቲው ለግንበኞች የግማሽ ቀን ስልጠና ሰጥቶን ነበር፤ ዘላቂና አካባቢን የማይጎዳ ግንባታ የሚል ጨርቅ ከግድግዳ ግድግዳ ተወጥሮ፣ ምሳ ከነአበሉ። ያሠለጠነችን ሕሊና የምትባል የሀዋሳ ልጅ፣ ኢንጂነር ናት፤ ቀጭን፣ ድምፅዋ ለስላሳ፣ ስታስተምር እጇ ላይ አፈር ይዛ የምታስተምር። ጡብ ለመተኮስ የስንት ባህር ዛፍ ነፍስ እንደሚጠፋ፣ ሲሚንቶ ለማምረት ስንት ጭስ ሰማይ እንደሚወጣ ነገረችን። ከዚያ አፈርን ከጥቂት ሲሚንቶ ጋር ደባልቆ በማሽን የሚጨምቅ የብሎኬት አሠራር አሳየችን። ሌሎቹ ግንበኞች ምሳው መቼ እንደሚቀርብ ይጠያየቁ ነበር፤ እኔ ግን እጄን አውጥቼ፣ «ኢንጂነር፣ ጥቂቱንስ ሲሚንቶ ለምን አንተወውም?» አልኳት። ያን ቀን በእውነቱ ማን ማንን እንዳሠለጠነ እስካሁን አልተለየም።

ሐሳቡ የመጣልኝ ከዚሁ ከወለተ ሰንበት ደጃፍ ነው። ተመልከቱት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጠላ አተላ ሲደፋበት የኖረ መሬት ነው፤ ውሃ መስመር ሊቀብሩ የመጡ ሰዎች ሦስት ድጅኖ ሰብረውበት ነው የሄዱት። («ደጄን ለቀቅ አድርግ!» አለችኝ ወለተ ሰንበት ከጓዳ። «የተሰበረው አንድ ድጅኖ ነው፤ እሱም እጀታው ነው።») እንግዲህ አተላ መሬትን እንዲህ ካጠነከረ ግድግዳን ምን ሊያደርገው ነው? ቀይ አፈር፣ በአጭር የተከተፈ የጤፍ ጭድ፣ በውሃ ፋንታ አተላ። ይህን ለመርገጥ በደንቡ አርባ ሰው ደቦ ይጠራል፤ እኔ ሰው ማስቸገር ስለማልወድ ብቻዬን ረገጥኩት። ሌላው ሰው ጭቃ ሰባት ቀን ያቦካል፤ የእኔ ጭቃ ማን እንደሚረግጠው ስለገባው በሁለት ቀን ቦካ። ማሽኑንስ? የብረት ሳጥን አስበየድኩና ከሥሩ የመኪና ክሪክ ገጠምኩበት። ክሪክ አይሱዙን የሚያነሳ ከሆነ አፈርን መጭመቅ ለሱ ጨዋታ ነው። ብሎኬቱ ከሳጥኑ ሲወጣ ጠርዙ ጢም ይላጫል። በአንድ ቀን አንድ ሺህ ሁለት መቶ አወጣሁ፤ ጉራ እንዳይመስልብኝ ሁለት መቶውን አልቆጠርኩትም። ፀሐዩ ሦስት ቀን አደረቀው፤ አርብ ተሰዓት በኋላ ግድግዳው ጣራውን ነካ። አክስቴ ሸራውን አጥፈው ከአልጋቸው ሥር አስገቡ።

ቅዳሜ ጠዋት ይስማው መጣ። ነጭ መኪና፣ ሹል ጫማ፣ ፀሐይ ሳይወጣ የተደረገ ጥቁር መነጽር። እኔ ደግሞ ሕሊናን ምስክር ትሁን ብዬ ጠርቻታለሁ፤ ሲመታ ቁጥር የሚያሳይ መዶሻዋንና ደብተሯን ይዛ መጥታለች። ይስማው እናቱን ሳመ፤ ደጅ ባለው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። «ደህና ነሽ?» «እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ?» «ደህና ነኝ።» ከዚያ እሱ ስልኩን ያያል፤ እሳቸው ጫማውን ያያሉ። ሦስት ዓመት ያልተገናኙ እናትና ልጅ የሚባባሉት በዚሁ አለቀ። እኔ አንድ ነገር እንድናገር ሁሉም የጠበቁኝ ስለመሰለኝ ተናገርኩ፤ ስለ ግድግዳው ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ። ይስማው ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ቆየና «ይሄ ጭቃ ነው» አለ።

«ጭቃማ አንተም ነህ፤ መጽሐፉ እንደዚያ ነው የሚለው» አልኩት።

ሕሊና ተነስታ መዶሻዋን ግድግዳው ላይ አስጠግታ መታች። ቁጥሩን አየች። መስታወቱን በሻርፗ ጠርጋ እንደገና አየች። «ይሄ ግድግዳ ሳይሆን ግድብ ነው» አለች፤ ማርቆስን፣ ቃል በቃል። አንሙት ቁጥሩ ስንት ነበር ብሎ ጠየቀኝ። ቁጥር ለሲሚንቶ ነው አልኩት፤ አፈር ስም እንጂ ቁጥር አያስፈልገውም። ከዚያ ዐሥር ጀሪካን ውሃ አስደፋሁበት፤ ውሃው ግድግዳውን ሲነካ አፍሮ ተመለሰ። ይስማው አላመነም። ሹል ጫማውን አሾለና አንድ ጊዜ በኃይል ረገጠው። ግድግዳው ንቅንቅ አላለም፤ የጫማው ተረከዝ ግን ተነቅሎ ጎረቤት ግቢ ገባ። ይስማው በአንድ እግሩ ከፍ፣ በአንድ እግሩ ዝቅ ብሎ ቆመ። አክስቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ይሳቁ ያልቅሱ ከኋላቸው ስለነበርኩ አላየሁም። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እንዴት ባማረ። ግን ቦራን ረስተናታል።

አተላ ምንድን ነው? የላም ቀለብ ነው። ይህን በጎጃም ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቃል። እኔ ግን በዚያ ሳምንት ጭንቅላቴ በሳይንስ ተይዞ ስለነበር ከአእምሮዬ ወጣ። ውሃው ግድግዳውን ሲያርሰው ሽታው ተነሣ፤ ቦራ ገመዷን በጥሳ በጓሮ በኩል መጣች፤ እኛ በፊት ለፊት ስለ ዘላቂነት ስንከራከር እሷ ከኋላ ትልስ ጀመር። መላስ ብቻ ቢሆን መልካም፤ ጭዱ ላይ ስትደርስ ደግሞ ታኝከዋለች። ጓዳ ውስጥ ቅርጭጭ የሚል ድምፅ ሰምተን ዘው ብለን ስንገባ፣ ግድግዳው መሐል የመሶብ ክዳን የሚያህል ቀዳዳ ተከፍቷል፤ የቦራ ራስ ከነቀንዷ በመስኮት እንደ ገባች እንግዳ አልጋው ላይ አፍጥጧል። አፏን እያላመጠች አንድ በአንድ አየችን።

ይስማው መነጽሩን አወለቀ። ከመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ ሳቁ ግን የሚያሞቅ ሳቅ አልነበረም። «ምስጋናው፣ አንተ ግድግዳ ነው የሠራህ መኖ?» አለኝ። ስልኩን አወጣ። ገዢው ከአንድ ሰዓት በፊት ጀምሮ ደብረ ማርቆስ ውስጥ እየጠበቀው እንደሆነ ያኔ ነው ያወቅነው። አክስቴ አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ፤ የአልጋውን ልብስ በመዳፋቸው አንድ ጊዜ ዳበስ አደረጉት፤ የሚታሸግ ዕቃ የሚመዝኑ ይመስሉ ነበር።

እኔ ግን በእንዲህ ያለ ሰዓት ምላሴ አይታሰርም። «ይስማው፣ አንተ ሰው ያልገባህ ነገር አለ፤ ሕሊና ያስተማረችን ይሄንኑ ነው» አልኩት። «ዘላቂ ማለት ቆሻሻ የማይተው ማለት ነው። የአንተ ፎቅ አንድ ቀን ሲፈርስ ፍርስራሹን የት ትጥለዋለህ? ይሄ ቤት ሲያረጅ ላም ትበላዋለች፤ ወተት ሆኖ ይመለሳል። እስቲ አዲስ አበባ ውስጥ የሚታለብ ፎቅ አሳየኝ!» ሕሊና ደብተሯን ፊቷ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በንግግሬ ተነክታ ይመስለኛል። ይስማው ግን ቁጥሩን መጫን አላቆመም።

ያኔ አክስቴ ተነሡ። ቦራን ግንባሯን ገፋ አድርገው አስወጡና መልሰው አሰሯት። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። የተረፈ ጭቃ አምጥተው ቀዳዳውን ደፈኑት፤ ከዚያ ጋጣው ጋ ሄደው ትኩስ እበት በባልዲ ቀዱ፤ ከምድጃ አመድ ጨመሩበት፤ በእጃቸው ለወሱትና ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ፣ ከታች ወደ ላይ ይለቀልቁት ጀመር። ሕሊና አጠገባቸው ሄዳ፣ «እማማ፣ ይሄ ለዝናቡ ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ለዝናቡም ነው» አሉ አክስቴ፤ እጃቸው አላረፈም። «ግን ልጄ፣ ላም የገዛ እበቷን ስትልስ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ቦራን ፈታን፤ ትሞክረው አልን። ቀስ ብላ ተጠጋች፤ አፍንጫዋን ዘረጋች፤ አሸተተች፤ በአፍንጫዋ እፍ ብላ ተነፈሰችና የሰደቧት ያህል ፊቷን አዙራ ሄደች። ሕሊና ደብተሯን ገልጣ ቆማ መጻፍ ጀመረች፤ አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ፤ «ይሄንን ለተማሪዎቼ አሳያቸዋለሁ» አለች፤ የምስጋናው ብሎኬት ብላ ስም እንድታወጣለት ጠየቅኋት፤ ዓይኔን እያየች ባለሙያዋ እኮ እሳቸው ናቸው ማለቷ ትዝ ይለኛል፤ ግን በጨዋታ ነው። ይስማው ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ቆሞ ነበር። ከወዲያ ሰውዬው ሃሎ፣ ሃሎ ይላል። እሱ የእናቱን እጅ ነው የሚያየው። ከታች ወደ ላይ፣ ከታች ወደ ላይ። ከዚያ ስልኩን ዘጋው፤ ኮቱን አውልቆ ምስማሩ ላይ ሰቀለ፤ ተረከዝ የሌለውን ጫማ አወለቀና ባዶ እግሩን መጥቶ ባልዲውን ተቀበላቸው። «ላይኛው አይደርስሽም፤ እኔ ልለቅልቀው» አለ። ያ አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው እስከ ክርኑ እበት ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ብተወው ይሻላል፤ ስንቱን ታምናላችሁ? ውክልናውን ከቦርሳው አውጥቶ ስምንት ቦታ ቀደደው። ገዢው ግቢው በር ድረስ መጥቶ፣ ግድግዳውን አይቶ፣ እሱም ለራሱ እንድሠራለት ለመነኝ። ይስማው አዲስ አበባ ለሚያሠራው ፎቅ ሃያ ሺህ ብሎኬት አዘዘኝ፤ እኔ እያሰብኩበት ነው። ማታውን እዚያው ቤት አደረ። እሑድ እናቱን ደግፎ ቅዳሴ አስቀደሰ፤ ሲሄድ ጉልበታቸውን ስሞ፣ «ይቅር በይኝ፤ ቤትሽ ቤትሽ ነው» አላቸው። የደብረ ማርቆስ ሕዝብ በሙሉ አለቀሰ። ሮብ ገበያ ከተማ ድረስ ተሰምቷል ይባላል።

አንሙት ጠላው ሞቆበታል፤ አልጠጣውም። «እኔም እናት አለችኝ» አለ፤ «እና ይሄ ሁሉ ባለፈው ቅዳሜ ነው የሆነው?»

«ባለፈው ቅዳሜ!» አልኩ ጣሳዬን ከፍ አድርጌ። ወለተ ሰንበት ከጓዳ ብቅ ብላ ነበር፤ እኔን ግን አታይም፤ በትከሻዬ ላይ አሻግራ በሩን ነው የምታይ። ዞር አልኩ። አክስቴ እቴናት መቃኑ ላይ እጃቸውን ጣል አድርገው ቆመዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ እግዜር ይወቅ፤ የቀሚሳቸው ጠርዝም እግራቸውም በቀይ አፈር ተለውሷል። ጆሯቸው ስለሚከብድ ድምፄን ከፍ አድርጌ ማውራቴ ለእሳቸው ጥሩ ሳይሆን አልቀረም። አልተቆጡም። አንሙትን በአክብሮት እጅ ነሡት፤ እኔንም ልጅ እያለሁ ያዩኝ እንደነበረው አዩኝ።

«ደግ አድርገህ ተናገርከው» አሉ፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው። «ግን ምስጋናው ልጄ፣ ባለፈው ቅዳሜ እኮ ስልኩ ነው የተደወለው። ይስማው የሚመጣው የፊታችን ቅዳሜ ነው።»

ከዚያ ወደ ወለተ ሰንበት ዞር አሉ።

«አካፋ ልዋስ ብዬ ነው የመጣሁ፤ የግድግዳውን አፈር ብቻዬን ጀምሬዋለሁ።»